ከውርጭ የተረፈው አልፋልፋ

ፍኖተ ሰላም በግብርና ባለሙያነት ስሠራ፣ ቋሪት ደጋ ላይ የሚኖሩ አያ ዳምጤ የሚባሉ ገበሬን አልፋልፋ የሚባል የከብት መኖ እንዲዘሩ ለምኜ አሳመንኋቸው። ከገብስ ማሳቸው ቆርሰው ዘሩልኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ አገሩን ሲያቃጥለው ሰምቼ ሰጋሁ። መጋቢት ላይ ጥቂት ዝናብ ሲጥል፣ የተረፈ እንዳለ ለማየት በበቅሎ ወጣሁ።

ማሳውን እዚህም እዚያም ቆፍሬ ሥሩን በቢላዋ ሰነጠቅሁት። የሞተ ሥር ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ይኼ ግን ሁሉም ነጭና ጠንካራ ነው፣ ለምለም ቅጠልም አውጥቷል። «አያ ዳምጤ፣ ተርፏል እኮ!» ብዬ በደስታ ጮህሁ።

«አዎ፣ ተርፏል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም ደስ ብሎኝ ሰኞ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አንዱን በሬዬን ለቀቅሁበት። እስኪጠግብ በላ። ወዲያው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋና ወድቆ ሞተ። አሁን በቀረኝ አንድ በሬ ምኑን አርሳለሁ?»

እርጥቡን የበላ ከብት እንደሚነፋ፣ አጭዶ አጠውልጎ መስጠት እንደሚገባ ተምሬያለሁ። ስለ ዘሩና ስለ ውርጩ ስነግራቸው ይህን መናገር ረስቼ ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር» አልኋቸው።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩና «እንግዳው ሳይበላ እንዳይሄድ» አሏቸው። ምግቡ ሲቀርብልኝ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ፤ አቀርቅሬ በላሁ።