ላዩ ደህና የሆነው ካሜራ

ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንገቷ ላይ ሁለት ካሜራ ያንጠለጠለች ወጣት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ሁለት ካሜራ ምን ያደርግልሻል?»

«ሰርግ ነው የምሠራው አባባ። የማነሳው በትንሿ ነው።»

«ፕላስቲክ ናት እንዴ?»

«አዎ። ሦስቴ ወድቃ ምንም አልሆነችም።»

«ፕላስቲክማ ለጆግ ነው! ትልቁስ?»

«እሱ ብረት ነው። አንዴ ሚዜ እግር ላይ ወደቀ። ጭረት እንኳ አልወጣበትም፤ ሚዜው ግን እያነከሰ ነው የጨፈረው።»

«ዕቃ ማለት እንዲህ ነው! ታዲያ ለምን በሱ አታነሺም?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሠራማ። ላዩ ብቻ ነው ደህና የሆነው።»

«የማይሠራ ብረት ትሸከሚያለሽ?»

«ምን ላድርግ አባባ? ትንሿን ብቻ ይዤ ስሄድ፣ አንድ የሙሽራ አባት ‹ልጄን በመጫወቻ ልታነሺያት ነው?› ብለው ከበር መለሱኝ። አሁን ብረቱን ስደግን ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ያኔ ከጎን በፕላስቲኳ ቀጭ አደርጋቸዋለሁ።»

«አይ የዛሬ ልጆች! ሽማግሌ ታታልያለሽ?»

«ፎቶው ቆንጆ ይወጣላቸዋል እኮ።»

«እኔ ብሆን እንዲህ በቀላሉ አልሸወድም ነበር።»

ልጅቷ ትልቁን ካሜራ አንስታ ደገነችባቸው።

«ቆይ፣ ቆይ! ባርኔጣዬን ላቃናው።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ ኮሌታዬን አስተካከልኩ።