የምትኩ አርባ

(ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከምሽጉ በላይ ኔትወርክ የሚገኘው ወታደሮቹ “ቴሌ” ብለው በሰየሙት ቋጥኝ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ሃምሳ አለቃ ጣሰው ከጆንያው አንድ ስልክ አውጥተው ለወታደር ምትኩ ዘርግተዋል፤ ምትኩ እጁን አልሰነዘረም።)

ጣሰው፦ ተቀበል አልኩህ እኮ! ክንዴ ዛለ።

ምትኩ፦ ሃምሳ አለቃ፣ አልደውልም ብያለሁ።

ጣሰው፦ ትእዛዝ ነው።

ምትኩ፦ ቆፍር ቢሉኝ እቆፍራለሁ፣ ዘብ ቁም ቢሉኝ እቆማለሁ። እናትህን አናግር የሚል ትእዛዝ ግን የትኛው ደንብ ላይ ነው ያለው?

ጣሰው፦ በኔ ደንብ! ሌላው ዛሬ ቀድሜ ልውጣ እያለ ሲጋራውን ሲያቀርብልኝ፣ ካልሲዎን ልጠብ ሲለኝ ነው የዋለው። አንተን ለምኜ አወጣሁህ። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው አለሁ ማለት እንዴት ያቅተዋል?

ምትኩ፦ አለሁ ማለትማ ቀላል ነው። መሰንበቱ ነው የከበደኝ።

ጣሰው፦ አትፈላሰፍብኝ። ዛሬ ምን ቀን ነው?

ምትኩ፦ ሐሙስ።

ጣሰው፦ እሁድስ ምንድን ነው?

ምትኩ፦ አርባዬ።

ጣሰው፦ ኧረ አፍህን ያዝ! ስትናገረው እንኳ አይሰቀጥጥህም?

ምትኩ፦ ታዲያ ምን ልበል? የአገሬ ልጅ ውብነህ ትናንት በቦቴ ውሃ ይዞልን ሲመጣ እኔን አየና ቱቦውን ለቆ መሬት ቁጭ አለ። ግማሹን ውሃ አፈር ጠጣው። “አንተ ሞተሃል፤ እናትህን ያረዳኋት እኔ ነኝ” አለኝ። ጠላው ተጠንስሷል፣ ቄሶቹ ተነግሯቸዋል፣ ቦራም ሊታረድ ነው።

ጣሰው፦ ቦራ ደግሞ ማነው?

ምትኩ፦ በሬዬ ነው። ከጥጃነቱ ጀምሮ ጨው እያላስኩ ያሳደግኩት።

ጣሰው፦ እንግዲያው ለእናትህ ባታዝን ለበሬው እዘንለት! በሰው ስህተት ከብት ይታረዳል?

ምትኩ፦ በሰው ስህተት ሰው ይሞት የለ እንዴ፣ ሃምሳ አለቃ።

ጣሰው፦ ጥፋቱ የውብነህ ነው። እኛ መዝገብ ላይ የሞተው ልጅአለም ተብሎ ተጽፏል። መጥቶ ቢጠይቀን ምን ነበረበት? ሳያጣሩ መርዶ አለ?

ምትኩ፦ እሱን አልወቅሰውም። ኦራል መኪናው ገደል ገብቶ ሲቃጠል መጀመሪያ ከደረሱት አንዱ እሱ ነው። ልጅአለም መልክ አልነበረውም። አንገቱ ላይ ግን ከሸሚዙ ስር እሳቱ ያልደረሰበት ክታብ አገኙ። ውብነህ ቀዩን ቆዳ አወቀው፤ የአገራችን ደብተራ ስፌት ነው። ፈትቶ ሲያነበው “ለገብርከ ገብረ ኪዳን” ይላል። የኔ የክርስትና ስም ነው። ክርስትና ያነሳኝ ደግሞ የውብነህ አባት ነው። ምኑን ይጠራጠር?

ጣሰው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ምትኩ፦ ሞኙስ እኔ ነኝ። አገር ቤት ሲገባ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ አረዳት።

ጣሰው፦ እናት ያሰረችውን ክታብ ለሰው ይሰጣል? ሲጋራ ነው የምትቀባበሉት?

ምትኩ፦ ልጅአለም የሚያስርለት ሰው አልነበረውም። ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፣ እሷም ካረፈች ቆየች። ልብስ ስናጥብ የሁላችንም አንገት ላይ የሆነ ነገር አለ፤ መስቀል ያለው አለ፣ ክታብ ያለው አለ። የሱ አንገት ባዶ ነበር። ያን ቀን ለእጀባ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ትኩሳት ሲጥለኝ ጊዜ “እኔ ልሂድልህ” አለኝ። ደግሞ ፈርቷል። ምን ልስጠው ታዲያ? አውልቄ አሰርኩለት።

ጣሰው፦ አስታውሳለሁ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ምትኩ፦ ልቤን የሚበላኝን ልንገርዎት? ጸሎቱ የተጻፈው በኔ ስም ነው፤ አንድም ቦታ ልጅአለም አይልም። እሱ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የጠበቀው እኔን ነው። እኔ እዚህ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኝቼ፣ እሱ የኔን ጠባቂ ተሸክሞልኝ ገደል ገባ።

ጣሰው፦ ይሄ የደብተራ ሂሳብ ነው። ልጁን የገደለው ፍሬን ነው፣ ፍሬን!

ምትኩ፦ እኔም ሰው ፊት ፍሬን ነው እላለሁ።

ጣሰው፦ በል እንካ። አንተ ባትደውል ውብነህ ዛሬ ነገ ሳይል ይነግራታል።

ምትኩ፦ አይነግራትም። በቁርባኑ አስምዬዋለሁ።

ጣሰው፦ ጉድ እኮ ነው! ሰው የሞተበትን ይደብቃል እንጂ አለመሞቱን ይደብቃል?

ምትኩ፦ ዝም አይነቅዝም፣ ሃምሳ አለቃ።

ጣሰው፦ እህል አይደለችም እኮ፣ እናት ናት! ዝምታው ባይነቅዝ እሷ ትነቅዛለች።

ምትኩ፦ ስሜ ምትኩ ነው። የማን ምትክ እንደሆንኩ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጣሰው፦ የማን ነህ?

ምትኩ፦ የወንድሜ። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። እማዬ ያኔ ፊቷን ቧጥጣ ጠባሳው ቀርቷል። ልጅ ሆኜ እቅፏ ውስጥ ተኝቼ ያን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ “ይሄ ምንድን ነው?” እላታለሁ። “ወንድምህ ነው” ትለኛለች።

ጣሰው፦ ነፍሱን ይማር።

ምትኩ፦ አሁን ደግሞ እኔን አለቀሰች። ሬሳ የለ፣ ምን ያቅፉ? የዩኒፎርም ፎቶዬን ልብሴ ላይ አስቀምጠው ነው ሙሾ የወረደው። ጸጉሯን ተላጭታለች። ውብነህ “እንዳታያት፣ አታውቃትም” ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ ሞተባት። ሦስተኛውን በምን አቅሟ ትቻለው?

ጣሰው፦ ምን ሦስተኛ አለ? አለህ እኮ! ፊቴ ቆመህ ትከራከረኛለህ!

ምትኩ፦ ዛሬማ አለሁ። ሲመሽ የምንሄደው ወዴት ነው?

ጣሰው፦ እሱ ያንተ ጉዳይ አይደለም።

ምትኩ፦ ስልካችን ከተሰበሰበ ሁለት ወሩ ነው። ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ሁሉም አምስት አምስት ደቂቃ ቤቱ ይደውል የተባለው? የስንቅ ኮቾሮውስ ለምን የሦስት ቀን ታደለ? ምሳ ላይ ሥጋ ያበላችሁን በምን ምክንያት ነው?

ጣሰው፦ ሥጋውን አትንካብኝ፣ ጥሩ ነበር።

ምትኩ፦ ጥሩ ነበር። ተዝካር ተዝካር ይል ነበር እንጂ።

ጣሰው፦ አንተ ልጅ፣ ምላስህ ከጥይት ቀድሞ ይገድልሃል።

ምትኩ፦ ቢቀድም በማን ዕድሌ።

ጣሰው፦ አሁን ስማኝ። ቀልዱን ተወው። እኔ ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ዘመተና ቀረ። ሞተ የሚል አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም። እናቴ ሃያ ዓመት በሩን ሳትቀረቅር ተኛች። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች። ስትሞት እንኳ “በሩን እንዳትዘጉት” ብላ ነው የሞተችው። አለማወቅ እንዴት እንደሚገዘግዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ደውል የምልህ።

ምትኩ፦ እኔም እኮ ይህንኑ ነው የምለው!

ጣሰው፦ እንዴት ይህንኑ?

ምትኩ፦ የኔዋ አውቃለች። አልቅሳ ጨርሳ በሯን ዘግታለች። ደውዬ አለሁ ባልኳት ማግስት ያ በር ይከፈታል። ከዚያ የርስዎን እናት ትሆናለች። ውሻ በጮኸ ቁጥር መነሳት ነው። ለቅሶ ይለመዳል፣ ሃምሳ አለቃ። የማይለመደው ተስፋ ነው።

ጣሰው፦ …ምን ዓይነት ክፉ ምላስ ነው የሰጠህ!

ምትኩ፦ ደግሞ ልጅአለም አለ።

ጣሰው፦ እሱን ለቀቅ አድርገው፣ ይረፍበት።

ምትኩ፦ ማን አለቀሰለት? መንገድ ዳር ያገኘናት ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው፤ አፈር መልሰን ወደ ዘባችን። እናቴ በኔ ስም ይሁን እንጂ ያለቀሰችው ለሱ ነው። እሁድ ቄስ ሰብስባ ስታስፈታም የምታስፈታው እሱን ነው። ከሞተ በኋላ አንድ እናት አገኘ፣ ልቀማው?

ጣሰው፦ በስሙ ሌላ ተዝካር እናወጣለታለን።

ምትኩ፦ ማን ነው የሚያወጣው? እኛ? እኛንስ ማን ያወጣልናል?

ጣሰው፦ ተው አንተ! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አንድ ቀን ስትመለስ ምን ልትላት ነው?

ምትኩ፦ ከተመለስኩ በእግሬ ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። “እማዬ” እላለሁ። ብትደነግጥም የደስታ ነው፣ አጠገቧ ሆኜ እደግፋታለሁ። በስልክ ግን ብትወድቅ ማን ያነሳታል?

ጣሰው፦ እስከዚያ ታልቅስ?

ምትኩ፦ ታልቅስ።

ጣሰው፦ አልጨከንክም?

ምትኩ፦ ጨክኛለሁ። ሰው በእናቱ ሲጨክን ምን እንደሚመስል ካላዩ ይዩኝ።

ጣሰው፦ …ቁጥሯን ታስታውሰዋለህ?

ምትኩ፦ ምን ማለትዎ ነው? ዘብ ስቆም በጣቴ የጠመንጃው እንጨት ላይ እደውለዋለሁ። ደውዬ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ። አንዴ አስር አለቃ አይቶኝ “አበድክ እንዴ?” ብሎኛል።

ጣሰው፦ አየህ? አንተ ራስህ ሞተህባት አላስቻለህም። ድምጿን አትፈልግም?

ምትኩ፦ አይጠይቁኝ።

ጣሰው፦ እጠይቅሃለሁ። አትፈልግም?

ምትኩ፦ እፈልጋለሁ! አንዴ “ወዬ” ስትል ብሰማ፣ ሌላ አልፈልግም። ናፍቃኝ ልሞት ነው።

ጣሰው፦ እንካ። አላይህም፣ ፊቴን አዞራለሁ።

ምትኩ፦ ያምጡት። አንድ ነገር ካደረጉልኝ እደውላለሁ።

ጣሰው፦ ጎሽ! የፈለግከውን ጠይቅ። ሲጋራ? ፈቃድ? ስንመለስ መጀመሪያ የሚወጣው ያንተ ፈቃድ ነው፣ እኔ ራሴ ሻምበሉ ዘንድ እቆምልሃለሁ።

ምትኩ፦ ስንመለስ አሉ።

ጣሰው፦ ስንመለስ አልኩ።

ምትኩ፦ ይማሉልኝ።

ጣሰው፦ ምን ብዬ?

ምትኩ፦ “ትመለሳለህ” ብለው። ለልጅአለም እንደማሉለት።

ጣሰው፦ …ሰምተህ ነበር?

ምትኩ፦ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ። ኦራሉ ላይ አልወጣም ሲል “በሦስቱ ሴት ልጆቼ፣ ማታ እዚህ ነህ፣ ሻይ አብረን እንጠጣለን” አሉት። ሳቀና ወጣ።

ጣሰው፦ ምያለሁ። አፌ ይቆረጥ። ዛሬ ጠዋት ቤት ስደውል ትንሿ ልጄ ስታስል ሰማሁ። ሳል ናት፣ የልጅ ሳል። እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሐሰት መሐላ ልጅ ላይ ይወርዳል ትል ነበር እናቴ። ልጅአለም ከሞተ ወዲህ በልጆቼ አልምልም።

ምትኩ፦ የሐሰት ከሆነ ነው የሚወርደው። እውነት ከሆነማ ምን ያስፈራዎታል?

ጣሰው፦ በጊዮርጊስ ልማልልህ። በባንዲራው ልማልልህ።

ምትኩ፦ ጊዮርጊስ አይሞትም፣ ባንዲራውም አይሞትም። ትንሿ ልጅዎ ማን ትባላለች?

ጣሰው፦ ተው።

ምትኩ፦ ማን ትባላለች?

ጣሰው፦ ፍሬሰላም።

ምትኩ፦ እናትህን በሩን አስከፍተሃት ሂድ ካሉኝ “ፍሬሰላም ትሙት፣ ትመለሳለህ” ይበሉኝ። አንዴ ብቻ። ይኸው እየደወልኩ ነው። ዜሮ ዘጠኝ… የሚያውቁትን እርስዎ ያውቃሉ፣ ሲመሽ የምንሄድበትን ያውቃሉ። እመለሳለሁ ብለው ካመኑ ልጅቷ ምንም አትሆንም።

ጣሰው፦ ነገ የእግዜር ነው፣ ምትኩ። ማን…

ምትኩ፦ ለእማዬም እንደሱ ልበላት? “አለሁ፣ ነገ ግን የእግዜር ነው” ልበላት?

ጣሰው፦ ሰው እንዴት እንዲህ ይጠየቃል!

ምትኩ፦ አንድ ቁጥር ቀረኝ፣ ሃምሳ አለቃ። ጣቴ ላዩ ላይ ነው። ይማሉና ልንካው።

ጣሰው፦ ስልኩን መልስልኝ፣ ልጄ።