ቢጫ ሻርፕ ያደረገው ወታደር

— ሄሎ? … አቤት ቀጮ! ደህና ዋልክ? … እኔማ እንደምታውቀው ነው፣ ዓይኔን አፍጥጬ ወታደር ስቀባ ነው የዋልኩት። … ቆይ፣ አልሰማህም — እማዬ፣ ሬዲዮኑን ትንሽ ቀንሺው! ቀጮ ነው፣ ከመጋዘኑ! — እህ፣ በል ቀጥል። … የጥበቃ ሥራ እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማዛጋት። ታላቅ ወንድምህ ደግሞ እዚህ አውራ ጣት ከማያክል ሰውዬ ጋር ግብግብ ገጥሟል።

— … ያው ያ ደንበኛዬ ነዋ። ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ የወታደር አሻንጉሊቶች የጥንት ጦርነት የሚጫወቱት ሰውዬ። የድሮ ምሽግ ከበባ ነው ብለው ካዘዙኝ ወር አለፈ። ታሪክ አዋቂ ነኝ ይላሉ፣ ግን ከታሪክ ጋር አይተዋወቁም! … ሳቅ አንተ! የምሽጉ ጠባቂዎች ሱሪ ግራጫ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ መስመር ይሁን አሉኝ። በዚያ ዘመን ብርቱካናማ የለበሰ ወታደር የት አለ? መጽሐፍ አገላብጬ፣ ተሳስተው ነው ብዬ በቀይ ቀባሁላቸው። ጉድ ፈላ! «ያልኩህን ብቻ ቀባ» ብለው መለሱልኝ። … እ? … ምን አልክ?

— … የእናንተ? … አዲሱ የደንብ ልብስ ብርቱካናማ መስመር አለው? መቼ ነው የታደላችሁት? … ዛሬ ጠዋት! … ከዛሬ በፊት ማንም አላየውም? እርግጠኛ ነህ?

— … አይ፣ ምንም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግቢያችሁ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ የውሃ ታንከር አለ? … እሺ። የኋላው አጥርስ፣ በቆርቆሮ የተጠገነ ቦታ አለው? … ከየት አወቅህ አትበለኝ። ምሽጉን ሠርተው ያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው፣ ይኸው ፊቴ ተቀምጧል። እኔ ጅሉ «በዚያን ጊዜ ቆርቆሮ አልነበረም» እያልኩ ስከራከራቸው ነበር!

— … ቆይ አትሳቅ። እማዬ በእጇ የሠራችልህን ሻርፕ አድርገሃል? ቢጫውን? … ስማኝ ቀጮ። ከጠባቂዎቹ አንዱን ቢጫ ሻርፕ አድርግለት ብለውኛል። … እኔ ምን ላውቅ! ዘርፉን ሳይቀር በቀጭኗ ብሩሽ አሳምሬ አወጣሁት። … ሌሎቹ በሙሉ የቆሙ ናቸው። እሱን ብቻ «የወደቀ አድርግልኝ» ነው ያሉኝ። … አዎ፣ መሬት ላይ የተጋደመ። … ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገርህ። አሁኑኑ ያንን ግቢ ለቀህ—

— ማነው እማዬ? … እ… ይግቡ፣ ይግቡ ጌታዬ! ዛሬ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። … አዎ፣ ሥራዎ አልቋል፣ ቀለሙ እየደረቀ ነው። … ስልኩ? እህቴ ናት። አንድ ጊዜ።

— እህትዬ፣ ምን እያልኩሽ ነበር? … አንቺን ነው እንጂ ሌላ ማንን ነው! … አላበድኩም። ስሚኝ የኔ እናት፣ አትቀልጂ። እንግዳ መጥቶብኛል፤ ቅድም ያጫወትኩሽ ሰው ናቸው። … እእ። እዚሁ፣ አጠገቤ። … እማዬም እዚሁ ናት፣ ወንበር እየሰጠቻቸው ነው። … ገባሽ? ተመስገን። አሞኛል በያቸውና ውጪ። በዋናው በር ግን አይሁን፣ በጓሮ ይሻላል። ሻርፑን አውልቂው፣ ይሞቅሻል።

— አይ ጌታዬ፣ ትንሽ አሟት ነው። … እሱን ይጠንቀቁ፣ ቢጫው አልደረቀም፣ እጅዎን ያበላሻል። … ወደዱት? … አመሰግናለሁ።

— እህትዬ፣ የት ደረስሽ? … አጥሩ ጋ? እሺ፣ ቶሎ በይ።

— ምን እያደረጉ ነው ጌታዬ? … አሰላለፉን ሊያሳዩኝ? … እነዚህን አጥቂዎቹን ከቆርቆሮው ውጭ ነው የሚያቆሟቸው? … ሁሉንም? … ዋናው በር ላይ አንድም የለም?

— እህትዬ፣ ተመለሺ። … አይ፣ ሐሳቤን ለውጬ ነው። በዋናው በር ውጪ። … ለምን አትበይኝ፣ ተመለሺ!

— ምን አሉኝ ጌታዬ? … እህቴ ናት እኮ አልኩዎት። … «ለወንድምህ ሰላም በልልኝ»?

— ቀጮ! ተመለስ! … ተመለስ ነው የምልህ፣ አጥሩን አትዝለል! … ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ሄሎ?