አራቱም በሮች በአንዴ

እንዴት ዋሉ አክስቴ? አይ፣ አልቀመጥም... እሺ፣ ለአንድ አፍታ አረፍ ልበል። መጋረጃው አዲስ ነው? ሲያምር! እንግዳ አለብዎት እንዴ? በር ላይ የወንድ ጫማ አየሁ፣ እንዴት ያለ የተወለወለ ጫማ... አይ፣ የውስጡን በር አይዝጉት፤ ገርበብ ይበል፣ ንፋስ ይግባ።

እህቴ? ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎ ላገናኟት ሰው ቀለበቱን መለሰችለት ብለው ተቀይመዋል አሉ። እኔም ተቆጥቻታለሁ! እንደዚያ ያለ ጠንቃቃ ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል?

መቼም መካሪ ነው። "መኪና ማቆሚያ ስትገቢ ስልክሽን አትነካኪ፣ ግራ ቀኝሽን እዪ፣ ቁልፍሽን ሳትደርሺ አውጪ። ከማታውቂው ሰው ጋር አታውሪ። ጎማሽ ተንፍሷል ቢልሽ እንዳትጎነበሺ፤ ገብተሽ ቆልፊ!" ስንቱ ወንድ ለእጮኛው እንዲህ ይጨነቃል? እራት ላይ ሁላችንንም ያስጠናን ነበር። እናቴ እንኳን፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት፣ በቃሏ ይዛዋለች።

ታዲያ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ የሰርግ ዕቃ ገዝተው ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ወዳለው ማቆሚያ ወረዱ። እሷ አንሶላና የብርጭቆ ካርቶን ታቅፋለች፣ እሱ ቁልፍ ይዞ ከፊት ከፊት። ሳይደርስ አወጣው አክስቴ! ሁለት ሰዎች ጠጋ ብለው "ወንድም፣ የኋላ ጎማህ ተንፍሷል" አሉት። መች ጎንበስ ብሎ! ዘሎ ገባና አራቱንም በሮች በአንዴ ጠቅ! አይ ፍጥነት... ምን ያደርጋል፣ እህቴ ዘገምተኛ ናት፣ ውጭ ቀረች።

አንደኛው ቦርሳዋን ጨመደደ፣ ሌላው ከኋላዋ ቆመ። እጇ ሙሉ ነው፤ መስታወቱን በክርኗ እየደበደበች "ክፈትልኝ!" ትላለች። እሱ ከውስጥ ሆኖ "ጩኺ! ጩኺ!" ይላታል። በዚያች ሰዓት እንኳን ምክር! ጥሩንባውን ያልነፋው ባትሪው እንዳይደክም ይሆናል... ንብረት የሚይዝ ሰው እኮ ነው።

ሳል ሰማሁ ልበል? ንፋሱ ነው መሰለኝ።

ብቻ ጮኸች። ካርቶኑንም ከነብርጭቆው አንደኛው እግር ላይ ለቀቀችው። ይሄኔ እዚያው ማቆሚያው ውስጥ መኪና የምታጥብ ሴት የውሃ ቱቦዋን ይዛ መጣች። ምስኪን፣ እንደ እኛ መካሪ አላገኘችም፤ ወደ ሰዎቹ ሮጠች! ፊት ፊታቸውን በውሃ ስትላቸው፣ ጠባቂውም ፊሽካውን እየነፋ ሲደርስ፣ ቦርሳውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ያኔ መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ።

"ሄዱ?"

እንዴት ያለ ለስላሳ ድምፅ ነበር አለችኝ። ከዚያ በውሃ መበስበሷን አይቶ "ትንሽ ቆዪ፣ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ላንጥፍ" አላት። ንጽሕናውንስ ቢሆን ከማን ታገኘዋለች?

እህቴ ቀለበቷን አውልቃ በዚያችው ክፍተት ጣል አደረገችለት። ሰፋ አድርገህ ክፈት ብላ እንኳን አላስቸገረችውም። በታክሲ መጣች። በማግስቱ "ምነው፣ አናግሪው እንጂ" ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ከማታውቂው ሰው ጋር አታውሪ ብሎኝ የለ?"

እና "አስታርቂያቸው" ያሉት መልእክት ደርሶኛል። ምን ብዬ ላስታርቅ? እኛ እኮ አንመጥነውም። እኛ ተንጫጭተን የምንገባ፣ አንዱ ውጭ ከቀረ በር መዝጋት የማናውቅ ሰዎች ነን። እሱ የሰለጠነ ነው።

በሉ ልነሳ። ሲያገኙት... ሩቅ ካልሆነ... ምርቃቴን አድርሱልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ክፉ አይንካው። ምናልባት ክፉ ቀን ቢመጣበት እንኳን ፈጣሪ ብቻውን አይተወው፤ ልክ እንደ ራሱ ያለ ጠንቃቃ ሰው ከጎኑ ያቁምለት።