ከንግሥቲቱ መኝታ ቤት ሥዕል ላይ የተጠረገ ፊርማ

ቃል ሰጪ፦ ስሟ በመታወቂያዋ ላይ የሰፈረው
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ ሠዓሊ
አድራሻ፦ ከአጎቷ ሥዕል ቤት በስተጀርባ ያለች አንድ ክፍል
ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ በሥዕል ላይ ጉዳት ማድረስ

መብቴ ተነግሮኝ ቃሌን በፈቃዴ እሰጣለሁ። ሥዕል አበላሽታለች ብሎ የከሰሰኝ አጎቴ ነው። ሥዕሉን አላበላሸሁም። ያጠፋሁት የእሱን ስም ነው።

ሥዕሉ የአንዲት ንግሥት መኝታ ቤት ነው። ወርቅ ቅብ አልጋ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ቀይ የከፈይ መጋረጃ፣ በቁሙ ግድግዳውን የሞላ መስታወት አለበት። ሰው የለበትም። ንግሥቲቱ ገና አሁን የተነሣች ይመስል ትራሱ መሃሉ ጎድጉዷል። ያን ትራስ የሣልኩት ከእናቴ ትራስ ነው። ታማ በተኛችባቸው ወራት ሸራዬን አጠገቧ አቁሜ እሠራ ነበር። የተኛችው በሽቦ አልጋ ላይ ነው። «እስቲ አንቺ እንኳ በወርቅ አልጋ አስተኚኝ» እያለች ትስቅ ነበር። ሥዕሉ ሳያልቅ አረፈች።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ስሙ የገነነ ሠዓሊ ነው። በሕመሟ ጊዜ አንድ ቀን ብቅ ብሎ፣ በር ላይ እንደቆመ ሸራውን አየና «ትራሱን አስተካክዪው እንጂ፤ ንግሥት እንዲህ ተዝረክርካ አትነሣም» አለኝ። እህቱን እንዴት ነሽ ሳይል ወጣ።

ኋላ «በዐውደ ርእዬ ላይ ስምሽን ላስጠራልሽ» ብሎ ሥዕሉን ወሰደው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት አዳራሹ ስደርስ ሥዕሉ ላይ ከሥሩ የተፈረመው የራሱ ስም ነው። ለእንግዶቹም «ይህን ክፍል ያየሁት በሕልሜ ነው» ይላቸዋል። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ይሄኮ የእማዬ ትራስ ነው» አልኩት። «አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ያንቺና የኔ ምን ልዩነት አለው? አንድ ሥጋ አይደለን?» አለኝ።

«አንድ ከሆንን የኔን ስም ጻፍበታ!»

«ምላስሽ ከብሩሽሽ ረዘመ» ብሎ ሳቀና ወደ እንግዶቹ ዞረ።

ሠዓሊ የሚፈርመው፣ ቀለሙን እንዲጠብቅ መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ነው። እኔ ቫርኒሹን ቀብቼ አድርቄው ነበር፤ አጎቴ ቸኩሎ ከላዩ ፈረመ። የፊርማው ቀለም ገና እርጥብ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ ቦርሳዬ ውስጥ ቀለም የምናቀጥንበት አኳራጅና ጨርቅ ነበረኝ። ጨርቁን ነክሬ በሁሉም ፊት ጠረግሁት። ጨርቁን ለፖሊስ አስረክቤያለሁ፤ ያለበት ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ወርቁም ቀዩም እዚያው ሸራው ላይ አለ። ባለሙያ ይመርምረው።

ያንቺ ከሆነ ለምን አልፈረምሽበትም ተብዬ ለተጠየቅሁት፦ በእናቴ ትራስ ሥር ስሜን መጻፍ አፍሬ ነው። አጎቴ አላፈረም።

ይቅርታ ከጠየቅሁ አጎቴ ክሱን እንደሚያነሣ መርማሪው ነግሮኛል። አልጠይቅም። ሥዕሉ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ሥዕሉን ማበላሸቴን አምናለሁ» የሚል ስለሰማሁ አሰርዤ «ፊርማውን ማጥፋቴን አምናለሁ» በሚል አሳርሜያለሁ። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው፤ እውነት ነው። በዚህኛው ላይ ሳላፍር ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________