ለአክብሮት የተነሳ ወገብ

ይግቡ እትዬ፣ ቀሚስዎ ደርሷል። እዚህ መስታወቱ ጋ ይቁሙልኝ፣ ወገቡን ትንሽ ላጥብበው። ልጅዎ ደህና ነው? አሁንም እዚያው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮ ነው? ተመስገን… ክንድዎን ከፍ ያድርጉልኝ።

እኛም ደህና ነን። ባለቤቴ ከግንባታው መወጣጫ ላይ ከወደቀ ወዲህ ወገቡ አልታዘዝ አለው እንጂ ደህና ነን። ከቢሮው በየወሩ የምትሰጠን ያቺ የድጋፍ ገንዘብ ነበረችን አይደል? ትንሽ ናት ብዬ አላማትም፤ ቤት ኪራዩን ሰላም ብላ ውልቅ ትላለች፣ ወጉ አይቅር ብላ ነው የምትመጣው።

እዚያ ቢሮ አንድ ሰው አለ… እርስዎ አያውቁትም። እንዴት ያለ ዓይን አለው መሰለዎት። ሐኪሙ በራጅ ፈልጎ ያጣውን ጤና፣ እሱ ከበር ላይ ሆኖ ያገኘዋል። ባለፈው ለምርመራ ጠርቶን ወንበር ላይ ሆነን ስንጠብቅ ገባ። የኔ ባል ደግሞ ሰው ቆሞ እሱ ተቀምጦ ሰላም ማለት አይሆንለትም። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ብድግ አለለት። ሰውየው ደስ ሲለው ቢያዩ! «ይኸው ይቆማሉኮ» ብሎ ድጋፉን እዚያው አቋረጠው። ከጨዋ ሰው ጋር መገናኘት እንዲህ ነው፤ አክብሮት ቶሎ ይገባዋል… ውይ፣ መርፌው ነካዎት እንዴ?

«ተቀምጠው የሚሠሩትን ይሥሩ» ብሎም መክሮናል። ተቀምጦ ግድግዳ የሚያቆም ግንበኛ አይተው ያውቃሉ እትዬ? እኔ አላየሁም። እሱ ግን የተማረ ነው፣ አይቶ ይሆናል። ትሑትም ነው፤ ስንወጣ በሩን ራሱ ነው የከፈተልን። እናቱ ምን ያህል ብትለፋበት ነው እላለሁ…

ይኸው ዛሬ ባለቤቴ ወደዚያው መወጣጫ ተመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስፌቴን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቅዎታለሁ። ግን ሞኝነቴ ነው። ጤነኛ ነው ተብሎ ማህተም ተመትቶበት የለ?

እስቲ ዞር ይበሉልኝ… አምሮብዎታል። እኔ በዚያ ሰው ቂም የለኝም፣ ሁሌም እመርቀዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። አንድ ቀን ጉልበቱ ቢከዳው ደግሞ፣ ጉዳዩን የሚያይለት ልክ እንደ እሱ ያለ ሰው እግዜር ይዘዝለት… አሜን አይሉም እንዴ፣ እትዬ?