ከኋላዬ የምትሄደው

የተከበሩ አለቃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የጋራዣችን ልጆች፤ ሥራ አቁማችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ለአንድ ሽማግሌ በያጅ ሽኝት ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ይህችን ወረቀት ልጄ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲያጣብቅ የኖረ እጅ ፊደል ማጣበቅ ያቅተዋል ወይ ብዬ እምቢ አልኳት። ከተንተባተብኩ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው።

ስለ ብየዳ አላወራም። የበየድኳቸው አውቶቡሶች መንገድ ላይ ናቸው፤ እነሱን ጠይቁ።

ከጋራዡ ጀርባ፣ ወንዙን ይዛ በዛፎቹ መሀል የምትሄደውን ቀጭን መንገድ ታውቋታላችሁ። ምሳ ሰዓት ሲጋራ ልታጨሱ እስከ አፏ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ አታልፉም። እኔና ባለቤቴ እሑድ እሑድ እስከ ጫፏ እንሄድባት ነበር። እኔ ከፊት ቁጥቋጦውን በማጭድ እየመለመልኩ፣ እሷ ከኋላ ሰው የጣለውን ፌስታልና ጠርሙስ በጆንያ እየለቀመች። ማን አዘዘን? ማንም። ዛፍ ሥር መሄድ እንወዳለን፤ ባዶ እጅ መሄድ ደግሞ አንወድም። ጎሚስታው አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ የዕረፍት ቀን ቆሻሻ ሲለቀም ይዋላል?" አለኝ። "አንተ የጣልከውን ማን ያንሳልህ?" አልኩት። ሳቀ። መጣሉን ግን አልተወም።

ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ለመጋዘን ሊያጥረው ነው ሲባል፣ ቢሮ ድረስ ጎትታ የወሰደችኝ እሷ ናት። እኔ ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ በጨዋ ደንብ ጠየቀች። የቢሮው ኃላፊም፣ ሰው እስከሄደበት ድረስ መንገድ ነው፣ ሣር የበላው ዕለት ግን አጥር ይገባል አላት። ስንወጣ እጄን ያዘችና፣ "ሰማህ አይደል፣ አንተ ግትር? ብታመምም ብሞትም ትሄድባታለህ" አለችኝ።

ታመመች። ሞተች። አብራችሁኝ ቀብራችኋታል፤ ውለታችሁን አልረሳም።

በሳምንቱ ሄድኩ። ከፊት መለመልኩ። ቆሻሻውን ግን አልነካሁም። የእሷ ሥራ ነው፤ እኔ የሰው ሥራ አልቀማም። በቀጣዩ እሑድ ስመለስ መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ጠበቀኝ። በሌላውም እንደዚያው። ይባስ ብሎ፣ ስሄድ ከኋላዬ ጆንያ ሣር ላይ ሲጎተት መስማት ጀመርኩ። ስቆም ይቆማል። በፊትም እንደዚያ ነበር፤ ስቆም ትቆምና "ደከመህ እንዴ?" ትለኛለች። ብቻ አሁን አትናገርም።

ዞሬ አላውቅም። ለምን አትዞርም ትሉ ይሆናል። ብዞር የማገኘው ወይ ባዶ መንገድ ነው፣ ወይ አንዳችሁን ነው። ሁለቱንም አልችልም። የዕቃ ቤቷ ሠራተኛ ሰኞ ሰኞ እጇን እሾህ የቧጨረው ይመስላል። የድመት ነው ትላለች። የድመት ይሁን። ከእናንተ የሚለቅም ካለ እጁ ይባረክ፤ ብቻ እንዳይነግረኝ።

እንግዲህ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ ሩቅ ከተማ፣ ቤቷ ልትወስደኝ ነው። "አባዬ፣ በቃ መንገዱን ለሰው ተውላቸው" አለችኝ። ለየትኛው ሰው? ሣር እንደሆነ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ከዚያ አጥሩ ይመጣል። አጥሩ ሲመጣ እሷ የት ትሂድ? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ዛሬ ልለምናችሁ ነው። በሚመጣው እሑድ አንዳችሁ ሂዱባት። ከኋላ የሚሄድ አለ፤ የጎደለው ከፊት ነው። ኮሽታ ብትሰሙ አትደንግጡ። እርምጃችሁን ብቻ ቀነስ አድርጉላት፤ ጆንያው ይከብዳታል።

ዓይናችሁን ከብልጭታ፣ እጃችሁን ከእሳት ይጠብቅላችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ከፊታችሁ እሾህ አይቁም፤ ከኋላችሁ ሰው አይጥፋ።